ዝሆኑ ሥር የተነሱት ፎቶ

ሐምሌ አንድ ቀን ጠዋት ፍረወይኒ ካዛንቺስ ከታክሲ ወርዳ፣ ዣንጥላዋን እንኳ ሳትዘረጋ፣ ዓይኗን ወደ ጋሽ አምኃ ፎቶ ቤት ወረወረች። ፎቶው አለ። አልወረደም። ሰኔን በሙሉ ይቺን ቀን ስትጠብቅ ነው የከረመችው። ጋሽ አምኃ በየሁለት ወሩ መስኮታቸው ላይ የሰቀሉትን ፎቶ ይቀይራሉ፤ ሐምሌ ሲገባ የኛም ይወርዳል ብላ እንቅልፍ ባይኗ ሳይዞር ቀን ስትቆጥር ነበር። ሽማግሌው ግን ምን በወጣቸው! ሙሽሮቹን አውርደው ተመራቂ ሰቅለዋል፤ የክርስትናውን ሕፃን አውርደው መንታ ሰቅለዋል፤ የእነሱን ፎቶ ግን መሀል ላይ እንዳለ ትተውታል። እንዲያውም መስታወቱን ወልውለውታል።

ክው አለች። እግሯ መንገዱ ላይ ቀረ፤ አንድ ሚኒባስ ጡሩምባውን ነፍቶባት ነው ወደ ራሷ የተመለሰችው።

የጋሽ አምኃን መስኮት ለማያውቅ ሰው ነገሩ ቀላል ይመስላል። ካዛንቺስ ላይ ግን እዚያ መስኮት ላይ መውጣት ማዕረግ ነው። ሃያ ሰባት ዓመት ሙሉ ሰው ፎቶ ሲያሳጥብ እሳቸው ካጠቡት ውስጥ አንድ ይመርጡና ያሳድጉታል፣ ከዚያ ባለቤቱን ያስፈቅዳሉ። የተመረጠ ሰው ደግሞ እሁድ እሁድ ዘመድ አዝማዱን እየጎተተ ያሳያል። ፍረወይኒም ሚያዝያ መጨረሻ ላይ ጋሽ አምኃ "ይቺን መስኮት ላይ ባወጣት ቅር ይልሻል?" ሲሏት፣ ቅር ሊላት ነው? በደስታ ልትበር ምንም አልቀራት። እዚያው ካዛንቺስ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት መዝገብ ክፍል ያሉትን ሴቶች ሁሉ በምሳ ሰዓት ወስዳ አሳይታቸዋለች። ያኔ ሰላም ነበር። ማን ምን ያውቃል?

ፎቶውን ያመጣው ጉዞ የባሏ የረዳኢ ሐሳብ ነው። ረዳኢ ቡልጋሪያ አጠገብ ትንሽ ጋራዥ አለችው። ቂርቆስ ተወልዶ ቂርቆስ ያደገ፣ አማርኛው የሰፈር አማርኛ፣ ጨዋታው የሰፈር ጨዋታ ነው። አባቱ ግን ከመረብ ማዶ የመጡ ናቸው፤ አብርሃ የሚባለው የአጎቱ ልጅ ደግሞ አሰብ ወታደር ነው። ፋሲካ ሲደርስ ረዳኢ የነጯን ዲኤክስ መኪናውን ሞተር አውርዶ ሠራና "በቃ፣ ባሕር ሳታዪ ልታረጂ ነው እንዴ?" አላት። ፍረወይኒ የአዲግራት ልጅ ናት፤ ከቢሾፍቱ ሐይቅ የሰፋ ውሃ አይታ አታውቅም። የስምንት ዓመቷን ሉሊን ከኋላ አስቀምጠው፣ አዋሽን አልፈው፣ ሚሌን አልፈው፣ መንገድ ላይ አድረው፣ ቡሬ ላይ ድንበሩን ተሻግረው በሁለተኛው ቀን አሰብ ገቡ። ያኔ ድንበር ማለት ሻይ ጠጥተው የሚያልፉት ኬላ ነበር።

በማግስቱ አብርሃ ከነወታደር ልብሱ መጥቶ ጋቢና ተቀመጠና ባሕሩን ተከትሎ ወደ ሰሜን በሚሄደው መንገድ ወሰዳቸው።

መንገድ ከተባለ ነው! በቀኝ በኩል ባሕሩ ጎማው ሥር ድረስ ይመጣል፤ ማዕበሉ ሲመታ ጨው ውሃው የፊት መስታወቱ ላይ ይረጫል። በግራ በኩል ጥቁር አለት ነው። ድሮ ከመሬት ውስጥ በእሳት ቀልጦ ወጥቶ እንደረጋ አብርሃ ነገራቸው። አንዳንዱ እንደ ምሰሶ ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ አንዳንዱ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ በስንጥቁ ውስጥ ሰማይ ይታያል፣ አንዳንዱ ደግሞ መንገዱ ላይ አዘንብሎ መኪናው ከሥሩ ነው የሚያልፈው። ፍረወይኒ እንዲህ ዓይነት አገር አለ ብላ አስባ አታውቅም። ያምራል፤ ግን ያስፈራል። አንገቷን ወደ ውስጥ ቀብራ የፊቱን ወንበር በሁለት እጇ ያዘች።

"ረዳኢ፣ በማርያም ቀስ በል! ይሄ ቢወድቅስ?"

"ስንት ሺህ ዘመን የቆመ አለት ዛሬ አንቺን ጠብቆ ነው የሚወድቀው?" አለና ሳቀባት። አብርሃ ራሱ ሳቀ። ሉሊ መስኮቱን ከፍታ ራሷን አውጥታ አለቱን ሁሉ ስም ስታወጣለት ነበር፤ ይሄ ቄስ ነው፣ ያቺ ሴትዮ ውሃ ቀድታ ነው፣ ያኛው የተቆረሰ ዳቦ ነው።

አንድ ጠመዝማዛ ሲያልፉ ዝሆኑ ታየ። ከሌሎቹ አለቶች ተነጥሎ እስከ ጉልበቱ ባሕር ውስጥ ገብቶ፣ ኩምቢውን ውሃው ውስጥ የነከረ ዝሆን ነው፤ ይሄን ስም ሉሊ አላወጣችለትም፣ ያየ ሁሉ ዝሆን ነው ይለዋል። በኩምቢውና በደረቱ መሀል ያለው ቀዳዳ ሰው ቆሞ ያስገባል። እዚያ ወረዱ። ካሜራው ውስጥ የቀረው አንድ ፎቶ ብቻ ነበር። ሉሊ ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ ከፊት ሮጣ ሁለት እጇን ዘረጋች፤ ረዳኢና አብርሃ ከኋላ ቀዳዳው ሥር ቆሙ፤ አብርሃ የረዳኢን ትከሻ አቀፈ። ካሜራውን የያዘችው ፍረወይኒ ናት።

"እስቲ የአብርሃን ኮፍያ አድርግ!" ብላ ጮኸች። ረዳኢ የወታደሩን ኮፍያ ከአብርሃ ራስ ላይ አንስቶ አጠለቀው፣ ቀጥ ብሎም ሰላምታ ሰጠ። "ጄኔራል መስለሃል!" አለችውና እየሳቀች አነሳቻቸው።

ግንቦት ላይ ከመረብ ወዲህና ማዶ ጦርነት ተነሳ። ሰኔ ላይ ከማዶ የመጣ ሰው ከየቤቱ መወሰድ ጀመረ። ከእነሱ ቀጥሎ ካለው ግቢ ጡረተኛው ጋሽ ገብረዋህድ ቁርስ እየበሉ ተወሰዱ። ሚስታቸው ወይዘሮ ማዕዛ አሥር ቀን በየበሩ ሲንከራተቱ ከርመው በመጨረሻ ወሬው መጣ፤ በአውቶቡስ ጭነው፣ በአዋሽ፣ በሚሌ፣ በቡሬ አድርገው ድንበር ላይ አውርደዋቸዋል።  ፍረወይኒ መንገዱን ታውቀዋለች። እያንዳንዷን ሻይ ቤት ታውቃታለች።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ኑሮዋ በሹክሹክታ ሆነ። ሉሊን መንገድ ላይ በትግርኛ መጥራት ተወች። በር ሲንኳኳ ማንኪያ ከእጇ ይወድቃል። ቤት ያሉትን የጉዞ ፎቶዎች አንድ በአንድ ቀዳድዳ ሽንት ቤት ጨመረቻቸው። ረዳኢ ግን ይስቃል፤ "እኔ ምን አድርጌ? ማለቴ፣ ሥራዬ የመኪና ፍሪሲዮን መቀየር ነው፣ ማን ይፈልገኛል?" ይላታል። የጋሽ አምኃን መስኮት አንስታበት አታውቅም፤ ራሱ ሄዶ "አውርዱልኝ" ይላቸዋል ብላ ፈርታ ነው። እሷስ ለምን አትልም? እሱ ነው ጭንቁ! አውርዱ ካለች ለምን ይሏታል። ለምን ሲሏት ምን ልትል ነው? ዝም ካለች ሰው ሁሉ ባሕሩንና ልጅቷን እያየ ያልፋል፤ ወንዶቹ ከኋላ ትንንሽ ሆነው ነው የቆሙት፣ ልብ የሚላቸው የለም። አውርዱ ባለች ሰዓት በገዛ ጣቷ መጠቆሟ ነው። ጋሽ አምኃ ደህና ሰው ናቸው፤ ግን በዚያ ሰሞን ማን ደህና ሰው እንደሆነ ማን ያውቃል? የቀበሌው ሰው ሁሉ ለመታወቂያ ፎቶ የሚነሳው እሳቸው ዘንድ ነው።

እናም ሐምሌ አንድን ጠበቀች። ሐምሌ አንድም ይኸው ጉድ አደረጋት።

ቢሮ ገብታ ገና ካፖርቷን ሳትሰቅል፣ ፊት ለፊቷ የምትቀመጠው ሀብትነሽ ሻይዋን እያማሰለች፣ "ፍሬ፣ ባልሽ ወታደር ነበር እንዴ?" አለቻት።

"ማን? ረዳኢ?"

"ያ ፎቶ ላይ ኮፍያ ያደረገው እሱ አይደል? ዛሬ ታክሲ ስጠብቅ ትክ ብዬ አየሁት።"

"ኧረ የልጆች ኮፍያ ነው፣ ሲቀልድ ነው" አለች ፍረወይኒ።  ሀብትነሽ "እሺ" ብላ ወደ ሻይዋ ተመለሰች። ሴትዮዋ ክፉ አይደለችም፤ ጠየቀች እንጂ ሌላ ምን አደረገች። ፍረወይኒ ግን እስከ ምሳ ሰዓት ድረስ አንድ ፋይል በቦታው አላስገባችም።

ምሳ ሰዓት ላይ ወደ ፎቶ ቤቱ ሄደች። መንገድ ላይ ሰበብ ስትፈልግ አንድ ብቻ ነው የመጣላት፤ በዚህ ሰፈር ማንም ለምን ብሎ የማይጠይቀው ሰበብ።

"ጋሽ አምኃ፣ ሉሊ አሟታል" አለች። "ትኩሳቱ አልለቃት አለ። ዓይን ነው አሉን። ያው ፎቶዋ እዚህ ተሰቅሎ፣ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ እያያት..."

ስትናገረው አፏን አቃጠላት። የደህና ልጇን ስም ጠርታ አሟታል ማለቷ ነው፤ አምላኬ ይቅር በለኝ፣ እውነት አታድርግብኝ ብላ በሆዷ አማተበች።

ጋሽ አምኃ መነጽራቸውን አወለቁ። ፊታቸው ልውጥ አለ። "በሰማዕቱ! እኔ ነኝ ጥፋተኛው። ውብ ልጅ ናት፣ ምን አስቤ ነው? አንቺስ ይሄን ያህል ምነው ዝም አልሽኝ?"

"እርስዎን ላለማስቀየም ነው።"

"ልጅ ታማ ነው መቀየም? ሂጂ፣ አታስቢ። ልጅቷን ከዚህ በኋላ ማንም አያያትም። ዛሬውኑ አስተካክለዋለሁ!"

ፍረወይኒ ጉልበታቸውን ልትስም ምንም አልቀራት። ወጥታ መንገዱ ላይ ስትቆም ከሳምንታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ምሳ አማራት። ማታ ረዳኢ "ዛሬ ፊትሽ በራ፣ ምን ተገኘ?" ብሎ ጠይቋት ነበር። "ምንም" አለችው።

ከዚያ ሁለት ቀን ሉሊን ይዛ ቤት ቀረች። አሟታል ብላለችና ሰው ደህና ሆና እንዳያያት ብላ ነው፤ ግንባሯን በየሰዓቱ እየዳሰሰች፣ ልጅቷ "እማዬ ምን ሆነሻል?" እስክትላት ድረስ። በሦስተኛው ቀን ሥራ ገባች። ጠዋት ዝናቡ በረዶ ቀላቅሎ ስለነበር አንገቷን ደፍታ አለፈች። ስድስት ሰዓት ሲቃረብ ምሳ ልትበላ ወጥታ በፎቶ ቤቱ በኩል አለፈች፤ ባዶውን ቦታ አይታ ልቧ እንዲረጋ ነበር የፈለገችው።

ቦታው ባዶ አልነበረም።

ፎቶው አለ፤ ያውም በእጥፍ አድጎ። ሉሊ የለችም። ጋሽ አምኃ ልጅቷን ቆርጠው አውጥተው የቀረውን አሳድገው አሳጥበውታል። መስኮቱን ከዳር እስከ ዳር የሞሉት ሁለት ወንዶች ናቸው። የአብርሃ ወታደር ልብስ ከነቁልፉ ይታያል። የእግሩ የላስቲክ ሰንደል ይታያል። ኮፍያው፣ የኮፍያው ምልክት፣ የረዳኢ ሰላምታ፣ ሳቁ፣ ሁሉም ይታያል። ከታች በኩል ጥግ ላይ መቁረጫው የሳታቸው የሉሊ የእጅ ጣቶች ብቻ ቀርተዋል።

ፍረወይኒ እንዴት እንደገባች አታውቅም። ጋሽ አምኃ ከጠረጴዛቸው ብድግ ብለው በፈገግታ ተቀበሏት።

"አየሽልኝ? ልጅቷን አወጣኋት። ያን የመሰለ ባሕር፣ ያን የመሰለ አለት ደግሞ አውርጄ ሣጥን ውስጥ ልከተው? አንጀቴ እንቢ አለ። ወንዶቹን እንደሆነ ዓይን አይበላቸው! እንዴት ሆነችልን?"

"ያውርዱት።"

"ምነው?"

"ጋሽ አምኃ፣ በልጆችዎ ይዤዎታለሁ፣ ያውርዱት! ያ ሰውዬ ወታደር ነው። የእነሱ ወታደር ነው። የረዳኢ የአጎቱ ልጅ ነው። ኮፍያውን አድርግ ያልኩት እኔ ነኝ፣ ለቀልድ ነው፣ ሉሊም አላመማትም፣ ዋሸሁዎት፣ ፈርቼ ነው የዋሸሁዎት!"

 ሽማግሌው ሄደው መስኮቱን ከፈቱ፣ ፎቶውን ከነክፈፉ አወረዱ፣ ከክፈፉ አውጥተው ሰጧት። ጠቅልላ ካፖርቷ ውስጥ ከተተችው። ጋሽ አምኃ ወንበራቸው ላይ ቁጭ አሉ።

"ፍረወይኒ" አሉ ድምፃቸው ዝቅ ብሎ፣ "ትናንት ሁለት ሰዎች መጥተው ነበር። ጨዋ ልጆች ናቸው። ፎቶውን ወደውት፣ 'ይሄ ጓደኛችን ነው፣ ከጠፋን ቆየ፣ ቤቱ የት ነበር?' አሉኝ።"

"ምን አሏቸው?"

ባዶውን ክፈፍ ጠረጴዛው ላይ በደረቱ ገለበጡት።

"ጋሽ አምኃ! ምን አሏቸው?"

"ቂርቆስ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ፣ ሰማያዊው በር አልኳቸው። ምሳውን ቤቱ ነው የሚበላው፣ በምሳ ሰዓት ታገኙታላችሁ አልኩ። ምን አውቄ፣ የኔ ልጅ? ምን አውቄ!"

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ስድስት ከሩብ ይላል።

የተሳፈረችበት ታክሲ ኦሎምፒያ ላይ ቆመ። ዝናቡ መንገዱን ዘግቶታል፣ ጡሩምባ ብቻ ነው። ወያላው "በሩን ልዝጋው እንጂ፣ ወዴት ነው እናት?" ሲላት ዘላ ወርዳ ጭቃውን እያቦካች ሮጠች። ጫማዋ አንዱ ወለቀ፣ አልተመለሰችም። ምሳውን አይምጣ፣ ዛሬ መኪና ይብዛበት፣ ዛሬ ደንበኛ ይያዘው፣ ዛሬ ብቻ ይራበው እያለች ትሮጣለች። ካፖርቷ ውስጥ የከተተችው ወረቀት ደረቷን ይወጋታል።

የሰፈሩ በር ሁሉ ተዘግቷል። ውጭ የቆሙት ወይዘሮ ማዕዛ ብቻ ናቸው፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፤ የሆነውን ከእሳቸው አቋቋም አወቀችው። ሰማያዊው በር ፊት ለፊት ነጭ ላንድክሩዘር ቆሟል፣ የኋላ በሩ ክፍት ነው። ሁለቱ ሰዎች እውነትም ጨዋ ናቸው። አንደኛው ለረዳኢ ዣንጥላ ይዞለታል።

ረዳኢ ቦርሳ ይዟል፤ የፋሲካውን ቦርሳ። ጣቶቹ ላይ የጋራዡ ዘይት አልለቀቀም። እግሩ ላይ ያደረገው ግን በዚህ ዝናብ ባሕሩ ዳር ያደረገውን ክፍት ጫማ ነው። ፍረወይኒ ጫማውን አየችው። ወዴት እንደሚወስዱት አውቆታል ማለት ነው።

"ለጥያቄ ነው እቴ፣ አትደንግጪ" አላት አንደኛው ሰው።

"ፍሬ" አለ ረዳኢ። ሊቀልድ ሞከረ። "ካፖርቴን ትቼልሻለሁ። እዚያ ሙቀት ነው።" ከዚያ ቀልዱ አለቀበትና ግንባሯን ሳማት። ዘይት ዘይት ሸተታት። ልትናገር ፈለገች፤ እኔ ነኝ፣ በገዛ አፌ ነው ያስያዝኩህ ልትለው ፈለገች። አልወጣላትም።

ሉሊ በሩ ላይ ቆማ ቦርሳውንና ጫማውን ስታይ ቆየች። ከዚያ ፊቷ ፍክት አለ።

"አባዬ! ባሕሩ ጋ ነው የምትሄደው?"

ረዳኢ ሚስቱን አየ። "አዎ የኔ ማር" አላት። "ባሕሩ ጋ ነው።"

ልጅቷ ወደ ቤት በረረች። ቢጫ ቀሚሷን በሹራቧ ላይ ደርባ ወጣች፣ ማንም ምንም ሳይላት ላንድክሩዘሩ ውስጥ ዘላ ገባችና ሁልጊዜ የምትቀመጥበት የመስኮቱ ጥግ ላይ ተቀመጠች። "ዝሆኑ ጋ ቶሎ እንድንደርስ ሳንቆም እንሂድ፣ እሺ አባዬ?" አለች። ዣንጥላ የያዘው ሰው ፊቱን አዞረ። ሌላኛው ፍረወይኒን አያት። "ልጅቷን አውጪያት" አለ ቀስ ብሎ።

ያወጣቻት እሷ ናት። ሉሊ የወንበሩን ጠርዝ ሙጥኝ ብላ ጮኸች፣ በእግሯ ተራገጠች፤ ፍረወይኒ ጣቶቿን አንድ በአንድ ከወንበሩ አላቀቀቻቸው። በሩ ተዘጋ። ረዳኢ በመስታወቱ ውስጥ እጁን አነሳ፣ መኪናው ወደ ኋላ ሄዶ ዞረና በጭቃው መንገድ ወረደ።

"ያለ እኔ ሄደ! አንቺ ነሽ ያስቀረሽኝ!" ሉሊ እናቷን ሆዷን በቡጢ ስትመታት ጥቅሉ ከካፖርቱ ወጥቶ መሬት ላይ ወደቀና ተዘረጋ። ልጅቷ መምታቷን ትታ ጎንበስ አለች። አባቷ አለ። አብርሃ አለ። ባሕሩ አለ፣ የዝሆኑም ኩምቢ አለ። ዝናቡ እየመታው በእጇ ይዛ ከላይ እስከ ታች ፈለገች፤ ጥግ ላይ ያሉትን ትንንሽ ጣቶች አይታ የራሷን እጅ አጠገቡ ዘርግታ አስተያየች።

"እማዬ፣ እኔም እኮ ነበርኩ" አለች። "ከዚህ ያወጣኝ ማነው?"

"እኔ ነኝ" አለች ፍረወይኒ።